በቀኝ ተፈጥሮ፣ በግራ ማኅበራዊ

ተማሪዎቹ «ወይዘሮ ተሰጥኦ» ይሏታል። አፏን በከፈተች ቁጥር «ተሰጥኦአችሁን እወቁ» ማለት ስለማይሰለቻት ነው። ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ፣ አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠራትና፣ ድምፅሽ ለስላሳ ነው ብሎ የተማሪዎች አማካሪ አደረጋት። ቢሮ ተብሎ የተሰጣት የተሰባበሩ ወንበሮች መጋዘን ነው። ለምክር ብሎ ደጇን የሚረግጥ የለም፤ የሚመጣ ቢኖር ኳሱ በመስኮቷ የገባበት ነው።

የልጅ የወደፊት ሕይወት እዚያ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚወሰን ልንገራችሁ? በጠራራ ፀሐይ፣ በድምፅ ማጉያ። ተፈጥሮ ሳይንስ በቀኝ፣ ማኅበራዊ በግራ ይላል ርዕሰ መምህሩ፣ ከብት እንደሚለይ ሰው። ልጆቹም ጓደኛቸው ወደሄደበት ይፈስሳሉ። ቀደም ብላ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ አንድ በአንድ ላነጋግራቸው ብላ ለምናው ነበር። ምን የሚያነጋግር ነገር አለ ብሎ ሳቀባት።

ዘንድሮ ልቧ ያረፈው በአንዲት የልብስ ሰፊ ልጅ ላይ ነው። በታሪክ ክፍለ ጊዜ የምትጠይቀው ጥያቄ መምህሩን ላብ በላብ ያደርገዋል፤ ሒሳብን ግን እየተጎተተች ነው የምታልፈው። በሰልፉ ቀን ይህችው ልጅ የዴስክ ጓደኛዋን ክንድ ይዛ በቀኝ ተሰልፋለች።

አማካሪዋ ደሟ ፈላ። ከሰልፉ ጎትታ አወጣቻትና ቁጣዋን ታወርድባት ጀመር። የራስሽ ጭንቅላት የለሽም ወይ፣ እናትሽ ወገቧ እስኪቆረጥ የምትሰፋው የሰው ጭራ ሆነሽ እንድትቀሪ ነው ወይ አለቻት።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰማች።

«ቲቸር፣ ሰሌዳው እኮ አይታየኝም» አለች ቀስ ብላ። «የምታነብልኝ እሷ ናት። ከተለያየን በምኔ እማራለሁ?»

ያን ሁሉ ጊዜ ተሰጥኦ፣ ተሰጥኦ ሲባል፣ ይታይሻል ወይ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው ጠፋ። አማካሪዋን ጨምሮ።

«እህቴ፣ ልጅቷን ወደ አንዱ አስገቢልንና እንገላገል» አለ ድምፅ ማጉያው። ግቢው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ዓይኗ ሳይመረመር የትም አትሰለፍም አለችው። ዛሬ ያልተሰለፈ ነገ ክፍት ቦታ በተገኘበት ይመደባል አላት፤ ለእሱ ነገሩ በዚያው አለቀ። ሰልፎቹ ወደየክፍላቸው ገቡ። እሷ የልጅቷን እጅ እንደያዘች ወደ በሩ ገሰገሰች። ዘበኛው የመውጫ ፈቃድ ቢላት፣ ሂድና እዚያ የሚጮኸውን ሰውዬ ጠይቅ አለችው።

መንገድ ላይ ልጅቷ፣ «መነጽር ካደረግኩ የቱ ይሻለኛል?» አለች።

ማኅበራዊ ልትላት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ታሪክ በጆሮ ይገባል፣ ሒሳብ ግን የሚሠራው ሰሌዳ ላይ ነው። ልጅቷ ሒሳብ አልገባት ብሎ ይሁን ሳታየው ቀርታ፣ አማካሪዋ በምን ታውቃለች?

«አላውቅም» አለቻት። «መጀመሪያ ይታይሽ።»

የዓይን ክሊኒኩ ለምሳ ሳይዘጋ ለመድረስ እርምጃዋን ጨመረች።