ከማሽኑ ማዶ

አክስቴ ስትቆጣ ድምፅ የላትም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የሚያያት ሰው ትጸልያለች ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን ምን እየተባልኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ወጣትነቷን የጨረሰችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ነው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ አላሰማ ስለሚል ሴቶቹ ወዲያና ወዲህ ሆነው በከንፈር ያወሩ ነበር። ያሙ ነበር ብል ይሻላል። አለቃው መሃላቸው ቆሞ እሱኑ ሲቦጭቁት አንድም ቀን አልነቃም።

ማሽኑ ጆሮዋን በላው፤ ከንፈር ማንበቡ ግን አብሯት ቀረ፤ ደግሞም አያርፍም። አንድ ጊዜ ከመንገድ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ማስቲካ ስታኝክ አይታ፣ «ሌባ አለችኝ» ብላ አኮረፈቻት። ምስኪን ልብስ ሰፊ! ምን እንዳጠፋች ዛሬም አልገባትም።

እናቴም እዚያው ነበር የምትሠራው። የአክስቴ ታናሽ እህት ናት፤ ማሽኖቻቸው ፊት ለፊት ነበሩ። የማሽኑ ቀበቶ እናቴን በሻሿ ጎትቶ ሲወስዳት፣ እኔ ገና ጡት የምጠባ ሕፃን፣ ጥግ ላይ ክር መያዣ ቅርጫት ውስጥ ተኝቼ ነበር። ድምጿን የሰማ የለም። ከንፈሯን ያየችው አክስቴ ብቻ ናት። መጨረሻ ላይ ምን እንዳለች ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቄያታለሁ፤ በጠየቅኋት ቁጥር ፊቷን ታዞርብኛለች። ጆሮው ከማይሰማ ሰው ጋር ደግሞ ፊቱን ካዞረ ወዲያ ምን ይወራል?

ፋብሪካው ተዘግቶ ለብዙ ዓመት የሌሊት ወፍ ማደሪያ ሆነ። ኋላ የከተማችን ወሬ ሁሉ እሱ ሆነ፤ ግድግዳው ሳይፈርስ ውስጡ አፓርታማ ሊሠራበት ነው ተባለ። ለቀድሞ ሠራተኞች ቤተሰብ ቅድሚያ ተሰጥቶ ዕጣ ወጣ፤ ለእኔ የደረሰኝ ቤት ከሽመና ክፍል ተከፍሎ የወጣው ነው። ዕድሌን ታውቁታላችሁ! ያለንበት ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ እርጥበቱ የአክስቴን ሳል ያባብሰዋል። እኔ ያለ እሷ አልገባም፤ እሷ ደግሞ በዚያ በር ማለፍ እንኳ አትፈልግም። ለመንኩ፣ አኮረፍኩ፣ አለቀስኩ። በመጨረሻ «አይተነው ብቻ እንመለሳለን» ብዬ አንድ ረፋድ ይዣት ሄድኩ።

ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሰውዬ በር ላይ ተቀበለን። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ግቡ እናቴ፣ ወለሉ ደርቋል» አለ። ገና አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እንደገባ ግን፣ «መስኮቱ አዲስ ነው!» ብሎ ጮኸ። ደነገጥኩ። ባልደረባው ከወዲያኛው ጥግ፣ «መዶሻውን ወዲህ በል!» ብሎ ጮኸበት። ቤቱ ጭጭ ያለ ነው፤ ማሽን የለ፣ መኪና የለ።

«ምን ያስጮኻችኋል?» አልኩት።

«ማን ጮኸ?» አለ፣ እየጮኸ።

ልስቅ ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ለካ እኔም የጠየቅሁት እየጮህኩ ነበር።

አክስቴ ግን ማንንም ሳታይ ቤቱን አቋርጣ መስኮቱ ሥር ሄዳ ቆመች። ቦታውን ያሳያት የለም፤ ወለሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነው። እግሯን ከፈት፣ ትከሻዋን ዘንበል አደረገች። ከዚያ ወደ ማዶው ባዶ ግድግዳ ቀና ብላ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

ትናገራለች፤ ዝም ብላ ታያለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እንደገና ትናገራለች። በእጇ ስላደግሁ ከንፈሯን አነባለሁ። «ደህና ናት» አለች። «ግትር ናት፤ ያው ያንቺው ናት» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ኧረ አላገባችም፤ ማን ችሏት!» ብላ ሳቀች።

ይቺ ማስቲካ ያኘከ ሁሉ ሰደበኝ የምትል ሴት አይደለች እንዴ፣ እያልኩ ራሴን ላረጋጋ ሞከርኩ። ግን ማዶ ማስቲካ የሚያኝክ እንኳ የለም።

እንድትተው ብዬ ሄጄ ፊት ለፊቷ፣ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። አፌን ገጥሜያለሁ። «እንዴት አታድግ! ይኸውልሽ፣ እያት» አለች አክስቴ። ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፤ ከትከሻዬ በላይ አልፎ ከኋላዬ ነበር። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።

ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «አነሳኋት» አለች በከንፈሯ። «'ልጄን አንሺልኝ' ስትዪኝ አነሳኋት። እስከ ዛሬ አላወረድኳትም። አሁን ላውርዳት?»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠየቅሁት ይኸው ነበር። እናቴ አድኑኝ አላለችም። አክስቴም ለምን እንደደበቀችኝ ያኔ ገባኝ፤ ያን ዕለት የሮጠችው ወደ እህቷ ሳይሆን ወደ ቅርጫቱ ነበር። እኔ ተነሳሁ፤ እናቴ ቀረች።

ፈራሁ። ከኋላዬ ካለው በላይ የሚመጣውን መልስ ፈራሁ። እናቴን ተክቼ በከንፈሬ፣ «አታውርጃት፤ ገና ናት» አልኩ።

«አንቺን አልጠየቅሁም» አለች አክስቴ፣ በድምጿ።

ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ወደ በሩ ተጠጉ። በመጨረሻ አክስቴ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ትከሻዋም ወረደ። መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምን አለችሽ እትዬ?»

«ከእንግዲህ እኔ እይዛታለሁ አለች። አንቺ እዚሁ ከእናትሽ ጋ ሁኚ፣ ልጄ። እኔ ቤቴ ልግባ፤ ደክሞኛል።»

አርባ ያለፈኝ ሴት ነኝ፤ ምላሷ ጅራፍ ነው የምባል። ከእሷ ሌላ እናት አላውቅም። ወደ በሩ ስትሄድ ነጩ ወለል ላይ ቁጭ አልኩና ከኋላዋ «እትዬ! እትዬ!» እያልኩ ጮህኩ። ካልዞረች እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። አልዞረችም።