አላውቀውም ያልኩት የመርከብ መሐንዲስ

ቅናተኛ ነኝ። ይህን ድሮም አውቀዋለሁ፤ የሰው እንጀራ እስከ መዝጋት ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ልጁ የሰፈሬ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ ቤዝመንት ውስጥ አራት ዓመት አስቀመጥኩት። እኔ ታክሲ ስነዳ እሱ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መሐንዲስ ሆነ፤ አሌክሳንድሪያ ያለ የመርከብ ንድፍ ድርጅትም ቀጠረው። የዓሣ ጀልባ እንዳይመስላችሁ፤ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ነው! እኔ ወጣትነቴን ቀይ ባሕር ላይ የጥበቃ ጀልባ ሞተር ስፈታና ስገጥም የጨረስኩ የባሕር ኃይል ሰው ነኝ። እሱ ባሕር ያየው እዚህ ከመጣ በኋላ ነው፤ ያውም ለሽርሽር።

አንድ እሁድ ከድሮ የባሕር ኃይል ጓደኞቼ ጋር ምሳ ስንበላ ተቀላቀለን። ስለ ሥራው ጠየቁት። ምስጢር አላወጣም፤ ማንም አንብቦ የሚያገኘውን ነው ያወራው። በአዲሶቹ መርከቦች ላይ የማዘዣው ማማ አንሶ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ አውሮፕላኖቹ ነዳጅና መሣሪያ ለመሙላት ብዙ እንዳይጎተቱ ነው። በእንፋሎት ይወነጨፉ የነበሩት አሁን በኤሌክትሪክ ይወነጨፋሉ። አንድ ቦታ ክብደት ከጨመሩ ሌላ ቦታ መቀነስ አለባቸው።

እኔ አላስችል አለኝና፣ «ማማው በቀኝ ጠርዝ ብቻ ከቆመማ መርከቡ ወደ ቀኝ ያዘነብላል! ይህን የባሕር ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አልኩ።

«ጋሼ፣ እሱማ ታስቦበታል» አለና ሶፍት ላይ ሣለልኝ። «ይኸው፣ አውሮፕላኖቹ የሚያርፉበት ወለል በግራ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ማማውን ባላንስ ያደርገዋል። የቀረውን ታንኮቹ ውስጥ ውሃ እያዘዋወርን አድጀስት እናደርጋለን።» ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «እርስዎ የሠሩባቸው ትንንሾች ስለነበሩ ነው» አለ።

ገበታው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ጥርስ ባዳ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቤት መጣ። «ጋሼ፣ ለአዲሱ ፕሮጀክት ሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ ያው ምስጢር ያለበት ሥራ የሚያሠራውን የመንግሥት ፈቃድ፣ አፕላይ አድርጌያለሁ። የኖርኩበትን ስለሚጠይቁ የእርስዎን ስም ሰጥቻለሁ። ከመንግሥት መርማሪ መጥታ ታነጋግርዎታለች፤ እውነቱን ብቻ ይንገሩልኝ። ካልወጣልኝ ከዲዛይኑ ያስወጡኛል» አለኝ። አታስብ አልኩት።

የእኔ ትውልድ አንድ ልማድ አለው። የመንግሥት ሰው ስለ ወዳጅህ ሲጠይቅህ አላውቀውም ትላለህ። በደርግ ጊዜ ይህች ቃል ስንቱን ከሞት አትርፋለች። ዝም አይነቅዝም ብለን ነው ያደግነው። እዚህ አገር ግን የምታውቀውን ሰው አላውቀውም ማለት እሱን መቅበር እንደሆነ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው አይጠፋውም።

ሴትዮዋ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣች። ትሑት ነበረች፤ ጫማዋን ላውልቅ ወይ ብላ ጠየቀች። የምርቃቱን ቀን ተቃቅፈን የተነሣነው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሎ ነበር። ከመምጣቷ በፊት አውርጄ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ምን ያህል እንደማውቀው ጠየቀችኝ። እምብዛም አላውቀውም አልኩ።

«አራት ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ ይላል።»

«በዚህ ቤት ስንት ሰው አልፏል! ማንን ከማን ለይቼ ላስታውስ?»

ጻፈችው። ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረብኝም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል።

እሱ የሞላው ፎርም አራት ዓመት ይላል፣ እኔ አላውቀውም ብያለሁ። ከሁለታችን አንዳችን ዋሽተናል፤ የተጠረጠረው እሱ ነው። ምርመራው ሲጓተት ፕሮጀክቱ አልጠበቀውም፤ በቦታው ሌላ ሰው ገባ። አሁን እዚሁ አቅራቢያ ጀርመንታውን ውስጥ ለሱቆች የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ ይነድፋል። ነገሩ ሲሰማ ጓደኞቼ ያዘኑት ግን ለእኔ ነው። «ምስኪን፣ የደርግ ፍርሃት ዛሬም አልለቀቀውም» አሉ። አላረምኳቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ እሱ ራሱ መጣ። ከስቶ ነበር። ሳይቀመጥ ጉልበቴ ላይ አጎነበሰ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በደርግ ጊዜ ያን ሁሉ ላየ ሰው የመንግሥት ሰው ቤቱ ድረስ መላክ አልነበረብኝም። አስጨነቅኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። እጄን ራሱ ላይ ጫንኩና፣ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ» አልኩት።