ዓይኔን ለማሳየት ኮልፌ የሄድኩ ዕለት

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምነግራችሁን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ሰላም ናት። አታሳምሪው፣ እንደወረደ ጻፊው ብያታለሁ።

የሄድኩበት ጉዳይ ዓይኔ ነው። ስኳር አለብኝ። ታላቅ እህቴን በላይነሽን ዓይኗን ያጠፋው ስኳር ነው፤ እስክትሞት ድረስ በሰው እጅ እየተመራች ነው የወጣች የገባችው። እኔ ደግሞ ጥጥ እየፈተልኩ ለሸማኔ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሰሞኑን ክሩ ሲበጠስብኝ ጫፉ አልታይ አለኝ። በጣቴ እየዳበስኩ ስፈልግ ሰላም አየችኝ። በማግስቱ ቀጠሮ አስይዛ መጣች።

ከቤት ስንወጣ

ጠዋት ጎረቤቴ ጫልቱ ለጋ ቅቤ በኮባ ይዛ ገባች።

"ዓይን የሚደክመው አናት ሲደርቅ ነው። ቁጭ በይ ላርስሽ።"

እናቴም እንደዚሁ ትል ነበር፣ ቁጭ አልኩላት። አናቴ ላይ ቁልል አድርጋ ሻሽ አሰረችልኝ።

"እማዬ፣ ሐኪም ቤት እኮ ነው የምንሄደው" አለች ሰላም።

"ታዲያ ደርቃ ትሂድ?" አለቻት ጫልቱ።

ከቀራንዮ ታክሲ ያዝን። እንደ በርበሬ ጠቅጥቀውናል፣ ፀሐይዋም በመስኮት እኔ ላይ ናት። ከኋላዬ አንዱ ጎረምሳ፣ "ታክሲው ቅቤ ቅቤ ይላል። ማዘር፣ ሰርግ ነው?" አለኝ።

"ሐኪም ቤት ነው።"

"ሐኪሙ ታደለ በሉኛ።"

"አንተንም እናትህ ብትቀባህ ነገርህ እንዲህ ባልደረቀ" አልኩት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን በላይነሽ ጋ ነበር።

ኮልፌ እስክንደርስ ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልኩም። ሸራ ላይ የተሰጣውን በርበሬ፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ምድጃ የሚሠራውን ሰውዬ፣ አስፋልት መሀል ቆሞ አልሄድም ያለውን በግ፣ ሁሉንም አየሁት። ነገ ባላየውስ ብዬ ነው።

ጨለማው ክፍል

ክሊኒኩ ከገበያው ከፍ ብሎ ነው። ወረፋችን ሲደርስ አንዲት ነጭ የለበሰች ልጅ ጨለማ ክፍል አስገባችኝ፣ ሰላምም ተከትላን ገባች። ድሮ አንዴ ጠብታ ጨምረውብኝ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ስሸሽ ውያለሁና፣ "ጠብታ አለው?" አልኳት።

"የለውም እናቴ። ይሄ ካሜራ ነው። ውስጡ ቀለማቸው የተለያየ ትንንሽ አምፖሎች አሉ፣ ኤልኢዲ የሚባሉት። አረንጓዴው የዓይንዎን ጀርባ ላይ ላዩን ያሳየናል፣ ቀዩ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በየቀለሙ ፎቶ እናነሳለን።"

"እንደ ወንፊት ነዋ። በሰፊውም በጠባቡም እየነፉ ማየት።"

"እንደዚያ ይበሉት" ብላ ሳቀች።

ክፍሉ ይሞቃል። የግንባሬን ላብ በእጄ ጠረግሁና አገጬን አስቀመጥኩ፣ ግንባሬን አስደገፍኩ። ከቀኙ ጀመረች። አረንጓዴ ብልጭ አለ፤ ቢጫ፤ ቀይ። ከዚያ ጭልም አለብኝ። በቃ፣ ሄደ ማለት ነው አልኩ። ሳላስበው እጄ መብራቱን ፍለጋ ወደፊት ተዘረጋ፣ እንደ ክሩ።

"እጅዎን ይመልሱ እናቴ። መብራቱ አለ፣ ግን አይታይም።"

"አንቺም አታዪውም?"

"ማንም አያየውም። የሚያየው ካሜራው ብቻ ነው።"

ትንፋሼ ተመለሰ። ቀጥላ ግራውን አነሳች። ፎቶዎቹን ስታይ ግን ፊቷን ወደ እስክሪኑ አስጠጋች። ደግማ አነሳች። ሰላምን ቀና ብዬ አየኋት፣ ፊቷ ተለዋውጧል። እስክሪኑ ላይ የግራ ዓይኔ ጀርባ ተነስቷል፣ ጎኑ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ተኝቶበታል። እኔም እንኳ አየሁት። ባለነጯ ልጅ ዶክተር ልትጠራ ወጣች።

ያቺን ሰዓት አልረሳትም። ሰላም እጄን ያዘች። አያያዟ በላይነሽን ስንመራት የምንይዛት አያያዝ ነበር።

ዶክተሩ ገባ፣ ወጣት ነው። "እስቲ ሁሉንም ቀለም ደርድሪልኝ" አላት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። በኋላ፣ "የዓይን ሕመም ቢሆን ባንዱ ቀለም ጎልቶ በሌላው ይደበዝዛል። ይሄ በላዩም በውስጡም እኩል ነው፣ ቦታውም አንድ። ዓይናቸው ውስጥ አይደለም ያለው። መስታወቱን እዪው" አላት።

ልጅቷ የካሜራውን መስታወት በጨርቅ ጠረገች። ጨርቁን አየችው፣ አሸተተችው።

"ዶክተር፣ ቅቤ ነው።"

ግንባሬን ብነካ ቅቤው በሻሼ ሥር ወርዶ አርሶታል። ለካ በዚያው ላብ በጠረግሁበት እጄ ነው መብራቱን ስፈልግ መስታወቱን የዳበስኩት። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ለጋ ነው ወይስ የበሰለ?" አለኝ ዶክተሩ።

"ለጋ ነው ልጄ።"

"ጥሩ ቅቤ ነው።"

ሰላም ግድግዳ ይዛ ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ ወረደ። እጄንም ግንባሬንም በሳሙና ታጥቤ እንደገና አነሱኝ። ጉሙ የለም። ዶክተሩ ቀለም በቀለም እያሳየ፣ "ስኳሩ የዓይንዎን ጀርባ አልነካውም" አለኝ።

"ክሩስ ታዲያ?"

"ክሩ የመነጽር ጉዳይ ነው። ስኳርዎን ይጠብቁ፣ በየዓመቱ እየመጡ ይታዩ።"

ወደ ቤት

ከክሊኒኩ በታች ሻይ ቤት ገባን። ያለ ስኳር ጠጣሁት፣ ደግሞ ጣፈጠኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በላይነሽ ትዝ ስትለኝ አልፈራሁም፣ አዘንኩላት እንጂ። እሷ እኮ ዓይኗን ውስጡን ያየላት ሰው አልነበረም።

ቀራንዮ ስንደርስ ጫልቱ በር ላይ ቆማለች።

"ምን አሉሽ?"

"ደህና ነው አሉኝ።"

"አላልኩሽም? ቅቤው ነው።"

ሰላም አፏን ልትከፍት ስትል ቆነጠጥኳት። ጫልቱ ስለ እኔ ስትጸልይ ነው የዋለችው፣ ፊቷ ላይ ይታያል።

ይሄን ሳስጽፍ አዲሱን መነጽሬን አድርጌ እየፈተልኩ ነው። ቅድም ክሩ ተበጠሰ፣ ጫፉን ከወደቀበት አየሁት። ስኳር ያለባችሁ እናቶች፣ ጭልም እስኪልባችሁ አትጠብቁ፣ ሂዱና ታዩ። አናታችሁን ግን ስትመለሱ አርሱት።