ከኮምፔርሳቶው ጀርባ የሰማሁት

ባለፈው ኅዳር ለጥቂት ቀናት ሰመራ ነበርኩ። ወጣት ጋዜጠኞችን ስለ ዜና አሰባሰብ እንዳስተምር ተጠርቼ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማረፊያዬ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት አንድ ሽታ መጣ። የገማ እንቁላልና አሞኒያ የተቀላቀለበት፣ አፍንጫ ቆንጥጦ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ። የፐርም መድኃኒት ነው። በሥራዬ ብዙ ዓይነት ሽታ አውቃለሁ፤ እግሬን የሚያስረኝ ግን ይህ ብቻ ነው።

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ፀጉሩን በቅቤ አርሶ በእንጨት የጠቀለለ ወጣት አፋር ነበር። ጥቅልሎቹ ጆሮው ላይ ተደርድረዋል።

«አባባ፣ ትሄዳለህ ወይስ ትቆማለህ?» አለኝ።

«እቆማለሁ» አልኩት። ስቆ ሄደ።

ሽታው የሚያስታውሰኝ ነገር የሆነው እዚያ አይደለም። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ሕንፃዎቹ የቆሙበት ሁሉ ሜዳ ነበር። የሆነው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ባሉት ዓመታት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደሴ ላይ አፈሳው ሲበረታ አባቴ በአንድ የጭነት መኪና፣ በሽንኩርት ማዳበሪያ መሐል አስተኝቶ፣ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ እህቱ ላከኝ። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝ። ሌላ የሚሰጠኝ ነገር አልነበረውም።

አክስቴ ዘሃራ ባቡር ጣቢያው አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራት። ሙያውን ድሬዳዋ ተምራለች፤ መድኃኒቱን ከጅቡቲ በባቡር የሚመላለሱ ሴቶች ያመጡላታል። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ወንድ የሚታፈሰው ወንድ ከሚገኝበት ነው፤ ከሻይ ቤት፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከጣቢያው። የሴቶች ፀጉር ቤት ማንም አይፈትሽም።

«ጀነት ነው ያስገባሁህ ኑሩ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «ዙሪያህን ሴት። ግን ድምፅህን ከሰማሁ ወላሂ እኔው ራሴ አስረክብሃለሁ።»

ጀነቱ ሦስት ክንድ በአራት ክንድ የሆነች ዕቃ ቤት ነበረች። ከደንበኞቹ የሚለየኝ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። ኮምፔርሳቶው ላይ አንድ የምስማር ቀዳዳ ነበረች፤ በእሷ መስታወቱን፣ ወንበሩንና የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ ግማሽ አያለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የአዋሽን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀን ቀን ላብ በጀርባዬ ወርዶ የተቀመጥኩበትን ካርቶን ያረጥበው ነበር። አክስቴ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግታ እንጀራ በቃሪያ፣ አንዳንዴም የሐብሐብ ቁራጭ ታቀብለኛለች። ሐብሐቡን ከነቅርፊቱ እበላው ነበር፤ ቅርፊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ።

በፀጉር ቤት ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ኖሬ ፀጉሬ ተቆርጦ አያውቅም። አክስቴ እምቢ አለች። ተጠርጎ የሚወጣው ፀጉር ውጭ ቆሻሻ ላይ ይደፋል፤ አጭርና ከርዳዳ የወንድ ፀጉር ከሴቶቹ መሐል ከታየ ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነበራት። ፀጉሬ ትከሻዬን ሊነካ ደረሰ።

ሥራ የፈታ እጅ ያብዳል። መጀመሪያ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን እያጠብኩ በውፍረታቸው እለይላት ጀመር። ቀጥሎ የቃጫ ነዶ ምስማር ላይ አስሬ መጠቅለል ተለማመድኩ። በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ የራሷን ፀጉር ሰጠችኝ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ፀጉሩን በስሱ ትከፍላለህ፤ ጫፉን በስስ ወረቀት ትሸፍናለህ፤ ጫፉ ከታጠፈ እንደ መንጠቆ ተቆልምሞ ይቀራል። ላስቲኩ ከጠበቀ ፀጉሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል። መድኃኒቱ ሁለት ጠርሙስ ነው፤ የመጀመሪያው ፀጉሩን ያላላዋል፣ ሁለተኛው በያዘው ቅርጽ ያደነድነዋል። በሁለቱ መሐል ያለው ጊዜ ነው ዋናው። ሃያ ደቂቃ። ካነሰ ጥቅልሉ በሳምንቱ ይዘረጋል፤ ካለፈ ፀጉሩ በእጅህ ይመጣል።

«አፋሮቹን አየሃቸው?» ትለኝ ነበር አክስቴ። «ቅቤና እንጨት ብቻ። መድኃኒታቸው ትዕግሥት ነው። እኛ ትዕግሥቱን በጠርሙስ ገዛነው፤ እሱ ደግሞ ያቃጥላል።»

የቀረውን ጊዜ አዳምጥ ነበር። ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ያስገባች ሴት ከጩኸቱ የተነሣ አይሰማትም፣ ስለዚህ ትጮሃለች። የማን ባል እንደጠፋ፣ ስኳር በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሁሉንም ከኮምፔርሳቶው ጀርባ ቃረምኩ። ከሁሉ በላይ የምጠብቃት እትዬ የሺን ነበር። ባሏ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ ነው፤ አፈሳውን የሚመራው እሱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ቀይ፣ ሳቅ የማታበዛ ሴት ነበረች።

«ፋጡማ!» ትላለች እትዬ የሺ፣ አጠገቧ ካስክ ውስጥ ለተቀመጠችው ባለሱቅ። «ማክሰኞ ከጣቢያው ጀምረው ቤት ለቤት ነው የሚገቡት አሉ!»

እኔ ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ኮርኒስ ውስጥ እወጣለሁ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሐል፣ በሆዴ ተኝቼ፣ እስኪመሽ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሦስቴም ቤት ለቤት ገቡ፤ ሦስቴም አላገኙኝም። በጆሮዬ ኮራሁ። ጋዜጠኛ ለመሆን ያሰብኩት ያኔ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አይቼ ሳልመዝነው አለፍኩ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ካስኩ አይሠራም፤ ሴቶቹ በዚያም ቀን ይጮሁ ነበር።

በግንቦት አንድ ቀን እትዬ የሺ ለታናሽ እህቷ ሠርግ ናዝሬት ልትሄድ ፐርም ልትሠራ መጣች። አክስቴ ጠቀለለችላት፤ ግንባሯን ዙሪያውን ቫዝሊን ቀብታ በጥጥ አጠረችላት። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አፍስሳ ስትጨርስ ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት ከአሥር ነበር። እንደ ልማዴ ነው የያዝኩት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። አንድ ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጠባቂ ራሱን አስገባ።

«ወይዘሮ ዘሃራ፣ ቀበሌ ትፈለጊያለሽ።»

«ሰው ይዣለሁ እኮ። መድኃኒት ላይ ናት።»

«አሁን ነው የተባለው።»

አክስቴ ነጠላዋን አነሳች። ከመውጣቷ በፊት ጮክ ብላ፣ «ሃያ ደቂቃ ነው ያላት! ከሃያ ካለፈ ፀጉሩን ይበላዋል!» አለች። ለጠባቂው የምትናገር መሰለኝ።

ከዚያ ውጭ የመኪና ሞተር ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት። ሩጫ። የሴት ጩኸት። ያን ቀን ማንም ያወራው አፈሳ አልነበረም፤ ኮርኒስ ውስጥ አልወጣሁም፤ አሁን ልውጣ ብል የሚንቋቋ እንጨት ነው። በጓሮ በሩም ሰዎች ያልፋሉ። ዓይኔን ቀዳዳዋ ላይ ተክዬ ቀረሁ።

አራት ተኩል ሆነ። ሃያ ደቂቃ ሞላ። እትዬ የሺ መስታወቱ ፊት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አንድ ጠብታ ከጥጡ አልፎ በጆሮዋ ሥር ወረደ።

«ማቃጠል ጀመረኝ» አለች፣ ለባዶው ክፍል።

ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ነገሩን አንድ በአንድ አሰብኩ። ዝም ካልኩ ፀጉሯ ይረግፋል። ተነሥታ በሩ ላይ ብትጮህ መንገዱ የባሏ ሰዎች ናቸው፤ ይገባሉ። የአዛዡን ሚስት ራስ ያቃጠለች ሴት ደግሞ ተጠያቂዋ አክስቴ ናት፤ ቤቱም ይፈተሻል። ብወጣ የሚያየኝ የመጀመሪያ ሰው የአፈሳው አዛዥ ሚስት ናት። የቱም መውጫ አልነበረውም። የሚለየው፣ ዝም ማለቱ አክስቴንም ይዞ መጥፋቱ ነበር።

በሃያ አራተኛው ደቂቃ የዕቃ ቤቷን በር መጋረጃ ገልጬ ወጣሁ።

እትዬ የሺ አልዞረችም። በመስታወቱ አየችኝ፤ ትከሻዬ የደረሰውን ፀጉሬንም፣ ባዶ እግሬንም።

«ምነው ቆየህ?» አለች። «ሊያልቅ ነው እኮ ፀጉሬ።»

ወንበሯ ጋ ደረስኩ። እጄ ሥራውን ያውቃል። አንዱን ቢጎዲን አንድ ዙር ተኩል ፈትቼ ወደ ራስ ቅሏ ገፋ አደረግኩት፤ ጥቅልሉ ይዟል፤ ሊበላሽ ጥቂት ቀርቶታል። አንገቷን ወደ ሳፋው ስታጎነብስ በጆግ ከበርሜሉ እየቀዳሁ አፈሰስኩ። ውኃው ከአዋሽ ወንዝ የሚመጣ፣ አፈር አፈር የሚል ውኃ ነው። አምስት ጆግ። ስድስት። በፎጣ መጠጥኩት። ሁለተኛውን ጠርሙስ ከፍቼ ግማሽ እንኳ ሳላደርስ በሩ ተንኳኳ።

ከወንበሯ ጀርባ ተንበረከክሁ። እጄ ፀጉሯ ውስጥ ቀረ።

«እትዬ የሺ! ውስጥ ሰው አለ?» አለ ያው ጠባቂ።

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

«ማለቴ... ዘሃራ ቀበሌ ናት። ማነው የሚሠራሽ?»

«መድኃኒቱ!» አለች። «ራሴን ገልጬ ተቀምጫለሁ፣ አንተ ወንዱ ልትገባ ነው? ለጓድ አዛዥህ እነግርብሃለሁ። ዝጋው!»

ሳቀ። ዘጋው። የቡትስ ጫማው ድምፅ እስኪርቅ ከተንበረከክሁበት አልተነሣሁም።

«ጨርስ እንጂ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» ስል ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ከአክስቴ ሌላ ሰው ካነጋገርኩ ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር።

«ከመስከረም። አስነጠስክ።»

«ባለቤትዎስ?»

«እሱ የሚያውቀው የነገርኩትን ነው።» አለች፣ በመስታወቱ እያየችኝ። «ማክሰኞ አፈሳ እንዳለ ማን የነገረህ መሰለህ?»

«ለፋጡማ ሲነግሯት ሰማሁ።»

«ፋጡማ ያሏት ሦስት ሴቶች ልጆች ናቸው። ስለ አፈሳ ምን ያደርግላታል?»

የያዝኩት ጠርሙስ ከበደኝ።

«የዛሬውን አላወቅሁም» አለች፣ አሁን በቀስታ። «ድንገት ነው የወጡት። ልጠራህም ፈራሁ፤ ማወቄን ካወቅህ ትሸሻለህ፤ ዛሬ ደግሞ መሸሻ የለም። እሱን ማስቆም አልችልም፣ የኔ ልጅ። ማውራት ግን ማን ይከለክለኛል? ፀጉር ቤት ነው።»

አክስቴ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። ቤቷ ውስጥ ወንድ እንደሌለ አስፈርመዋት ነው የቆየችው። እትዬ የሺን አየቻት፤ ፀጉሯ ጥቅልል ጥቅልል ብሎ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ አንድም አልረገፈም። አክስቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ያረቢ። ማን ሠራሽ?»

«መድኃኒቱ» አለች እትዬ የሺ፣ ነጠላዋን እየደረበች።

የዚያን ቀን መኪኖቹ ባዶ አልሄዱም። በረንዳችን ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ተወሰደ። ያጋመሰው ሱሪ የስፌት መኪናው መርፌ ሥር እንደተወጠረ ሰንብቷል፤ ማንም አላነሳውም። እንደ ዘጋቢ ይህንን ሳልጽፍ የቀረውን ብቻ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ቤቷ ጠበበችኝ። ቀድሞ የሚያስረኝ ግድግዳዋ ነበር፤ አሁን ደግሞ ስንት ሴት እዚያ መኖሬን እንደሚያውቅ ማሰብ ጀመርኩ። ፋጡማ። ስኳር የሚመጣበትን ቀን የምታውጀዋ። ሁሉም። ሕይወቴ በየሳምንቱ በአንድ ከተማ ሴቶች አፍ ላይ ትወርድና ትነሣ ነበር፤ አንዷ ባሏን ተቆጥታ፣ አንዷ ረስታ፣ ትጥለኛለች ብዬ ሌሊት እነቃለሁ። አንዷም አልጣለችኝም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ በምትሄድ የአክስቴ ደንበኛ ሻንጣዎች መሐል፣ ፀጉሬን በሻሽ አስሬ፣ በባቡር ወጣሁ። እትዬ የሺን ዳግመኛ አላየኋትም።

ሰመራ ላይ ለወጣቶቹ ያስተማርኩት ጋዜጠኛ ምንጩን መጠበቅ እንዳለበት ነው። ትክክል ነው፤ ደንቡ ይህ ነው። ያልነገርኳቸው ግን አለ። በእነዚያ ወራት እኔ ቃረምኩት ካልኩት ሁሉ በጆሮዬ ብርታት ያገኘሁት የለም። ሁሉም ተነግሮኝ ነው። የጠበቁኝ እነሱ ናቸው።

ባጃጁ ከሄደ በኋላ ወደ ፀጉር ቤቱ በር ጠጋ አልኩ። ጓንት ያጠለቀች ወጣት ቀና አለች።

«አባባ፣ የወንድ አንሠራም» አለችኝ በትሕትና።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ከኋላዋ አንዲት ሴት ካስክ ውስጥ ሆና ለጎረቤቷ ስለ አንድ ነገር ትጮሃለች። ቀድሜ ያየሁት ካስኩ ይሠራ እንደሆነ ነው። መብራቱ በርቷል፣ ይጮሃል። ይህችኛዋ በእርግጥም ስለማይሰማት ነበር የምትጮኸው። ሆኖም ነገሯን እስክትጨርስ ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም።