ጋሽ እንድሪስ መሪውን የለቀቁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ለዘመድ ለቅሶ ኮምቦልቻ ሄጄ በሚኒባስ ወደ ከሚሴ ስመለስ፣ ሐርቡን አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን መንገዱ ተዘጋ። አንድ የጭነት መኪና ሞተሩ ጠፍቶበት መሀል አስፋልት ላይ ቆሟል። ከኋላው «ለማጅ» የሚል ካርቶን በሽቦ ታስሯል። ተሳፋሪው ማጉረምረም ሲጀምር የጋቢናው በር ተከፈተና ጢሙ ገና ያልጠና ወጣት ወረደ። መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ቀበራቸው።  አብሮት ያለው ጎልማሳ ሹፌር ወርዶ አጠገቡ ቆመ፤ ምን እንዳለው አልሰማሁም። የእኛ ሹፌር በአፈሩ በኩል ጠምዝዞ አለፋቸው። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ስለ ሽንኩርት መወደድ ታጫውተኝ ነበር፤ እኔ ግን እሺ እሺ እያልኩ አንድም ነገር አላደመጥኳትም። ልቤ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ ሌላ ጋቢና ተመልሶ ገብቶ ነበር።

እኔም እንደዚያ ልጅ ለማጅ ነበርኩ። አባቴ በጨፋ ሜዳ ማሽላና ጤፍ እያረሰ ያሳደገን ገበሬ ነው። ከወንድሞቼ ሁሉ እኔ ብቻ ከበሬ ይልቅ ሞተር ወደድኩ። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ መኪና አምኖ የሚሰጠኝ ሰው ግን ጠፋ። አልፈርድባቸውም። ፈተና ያለፈ ሁሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት መውረድ አይችልም። በመጨረሻ ከሚሴ ውስጥ እህል የሚነግዱ፣ አገር ሁሉ «ሐጂ» እያለ የሚጠራቸው ሰው አስጠሩኝና ከሹፌራቸው ከጋሽ እንድሪስ ጋር እየሄድኩ እንድለምድ ነገሩኝ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ከጋሽ እንድሪስ እጅ የወጣ ሹፌር ሥራ እንደማያጣ እሷም ታውቃለች።

በዚያ መንገድ ጋሽ እንድሪስን የማያውቅ አልነበረም። ረጅምና ትከሻ ሰፊ ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ሞተሩ በርቶ ከሆነ ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ባቲ በየሻይ ቤቱ የሚቀመጡበት ወንበር ይለቀቅላቸዋል። ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ሰላም ብሎ ነው የሚያሳልፋቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ አልገጩም እየተባለ ይወራላቸው ነበር፤ እሳቸው ይህ ሲነሳ አልሐምዱሊላህ ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

የመጀመሪያው ቀን ማልደን ስንነሳ ቢስሚላህ ብለው ሞተሩን አስነሱና ወደኔ ዞሩ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምልህ» አሉኝ። «መንገዱ ላይ ያየኸውን ሁሉ በአፍህ ተናገር። ሰውም ይሁን ከብት፣ ጉድጓድም ይሁን ድንጋይ፣ ምንም አይቅርህ።»

ዓይኔ መንገድ ላይ መንቃት እንዲለምድ የሰጡኝ ትምህርት መሰለኝ፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ብልሃት ማንም እንዳላስተማረኝ አስቤ ኮራሁ። ወቅቱ ኅዳር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቦርከና የሚነሳው ጉም ሸለቆውን ሸፍኖት ይቆይና ፀሐይ ስትጠነክር እንደ ተገፈፈ ሻሽ ወደ ተራራው ይሸሻል። ማሽላው ቀልቶ አንገቱን ደፍቷል። ወፍ ጠባቂዎች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፋቸውን ሲያስጮሁ ድምፁ ጋቢና ውስጥ ድረስ ይሰማል። እኔም ጥንቅሽ እያኘኩ የማየውን እቆጥራለሁ፤ በግራ ሁለት አህዮች፣ ከፊት አውቶቡስ፣ ድልድዩ ላይ ከብት፣ ከድልድዩ ማዶ እንጨት የተሸከመች ሴት። ጋሽ እንድሪስ «እሺ» ይላሉ፤ ማርሽ ይቀንሳሉ ወይም መሪውን ትንሽ ያዞራሉ።

ማስተማሩንም በእውነት ያውቁበታል። ከከተማ ስንወጣ መሪውን ይሰጡኝና እሳቸው ጎኔ ተቀምጠው ሞተሩን ያዳምጣሉ። ማርሽ መቀየሪያውን ስይዝ እጃቸውን እጄ ላይ ይጭኑና የሞተሩ ድምፅ ሲደክም ጫን ያደርጉኛል። እስከዛሬ አንድ መኪና ከርቀት ሲመጣ ምን ማርሽ ላይ እንዳለ በድምፁ አውቃለሁ፤ ያን ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። ከተማ ስንደርስ ግን መሪውን መልሰው ይቀበሉኛል። በተለይ ከሚሴ ሲገቡ ራሳቸው ካልያዙት አይሆንላቸውም ነበር።

ቀን በቀን አንዳንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆው ሞልቶ ይፈሳል። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር፣ ገና መንገድ መሄድ ስንችል፣ ሐርቡ ወይም ባቲ እንደር ይላሉ። አንድ ጊዜ ማሽላ ጭነን ባቲ ለገበያ ወርደን፣ ወዳጃቸው የሆነ የግመል ነጋዴ ከመንገዱ ማዶ እጁን እያወዛወዘ ጠራቸው። ዝም አሉት። ሰውዬው ተሻግሮ መጣና ሰላምታ እየሰጠ ቅር ብሎት «አካም ጅርታ እንድሪስ፣ ኮራህብን እንዴ?» ሲላቸው በድምፁ ለይተው አቀፉትና ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ ብለው ሳቁ። የግመል ወተት ጋብዞን ተጫወቱ። እኔም ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረኝ፤ ደክሟቸው ነው፣ አቧራው ነው፣ ዕድሜ ነው እያልኩ አልፈዋለሁ። ሰው የሚያከብረውን ሰው ጉድለት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው መሰለኝ።

ያ ቀን የጨፋ ገበያ ቀን ነበር። ከኮምቦልቻ ሲሚንቶ ጭነን ወደ ከሚሴ እንመለሳለን። ከሚሴ ስለቀረበች መሪውን እሳቸው ተቀብለውኛል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ አዘንብላ በፊት መስታወቱ በቀኝ በኩል ትገባለች። ከገበያ የሚመለሰው ሰው መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። ከብት የሚነዳ አለ፣ ፍየል የተሸከመ አለ፣ እህሏን ሸጣ ጨው የገዛች አለች። እኔ እንደ ልማዴ እናገራለሁ። በግራ በሬዎች አልኩ፤ ቀነሱ። በቀኝ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ አህያ እየነዳች አልኩ። «አየሁ» አሉኝ። ነገር ግን መኪናው ወደ ቀኝ እየሄደ ነበር። በሬዎቹን ሲሸሹ ቀጥታ ወደ እሷ ነበር የሚነዱት።

«ጋሼ፣ ቀኝ!» አልኩ። እሳቸው የባሰ ወደ ቀኝ አዞሩት። ተንጠራርቼ መሪውን ያዝኩና በሙሉ ክብደቴ ወደ ግራ ጎተትኩት። ፍሬኑ ጮኸ። አንድ ነገር ከመኪናው ጋር ሲላተም ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ፤ ከዚያ ሞተሩ ጠፋና ጸጥ አለ።

ወርጄ ሮጥኩ። አህያዋ ወድቃ ትንፈራገጣለች። ሴትዮዋ ቦዩ ውስጥ ተቀምጣለች። አዝላት የነበረችውን ልጅ ወደ ፊት አዙራ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛታለች፤ ልጅቱ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች። እንደዚያ ለቅሶ ደስ ያለኝ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እናትየው ክንዷ ተፍቆ ይደማል እንጂ ሌላ ነገር አልነካትም። ሰዉ ከበበን። ጋሽ እንድሪስ በሹፌሩ በር ወርደው የመኪናውን አፍንጫ በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩ። ሴትዮዋ ከፊታቸው፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣለች። እሳቸው ግን ከእሷ በላይ ወደ ባዶው ማሳ እያዩ «ማን ነው የተመታው? ሰው ነው ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ከከበቡን አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው ፊታቸውን ትክ ብለው አዩዋቸው። «ኢጂ ኬ ሂንአርጉ?» አሏቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ዓይንህ አያይም ወይ ማለታቸው ነው። ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዞሩ። የሰዉ ሁካታ በአንድ ጊዜ በረደ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እየተማርኩ መስሎኝ ለአንድ ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ስመራ ነበር የኖርኩት።

ሽማግሌዎች እዚያው ዛፍ ጥላ ሥር አስታረቁን። ጋሽ እንድሪስ ከቤታቸው አህያ አምጥተው ሊተኩ ቃል ገቡ፤ ሴትዮዋ ነፍስ ከተረፈ ሌላው ይተካል ብላ ይቅር አለች። ሰዉ መበተን ሲጀምር እሳቸው መኪናውን እየዳሰሱ ወደ ሹፌሩ በር ሄዱ። ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ልንዳ» አልኳቸው።

«ከሚሴ ቅርብ ናት።»

«ቅርብም ቢሆን አይሆንም።»

 የበሩን እጀታ ይዘው፣ የቀረው ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን አሳንሰው ነገሩኝ። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙም እየጠበበ ሄዶ አሁን የሚያዩት በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ደሴ ሐኪም ዘንድ በስውር ሄደው ነበር፤ መድኃኒት የለውም ተባሉ። «አንተን ከሐጂ የለመንኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ዓይኑ ጥሩ ነው፣ አንደበቱም ፈጣን ነው ብለው ሰዎች ነገሩኝ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ታገሠኝ፤ የማውቀውን ሁሉ አስተምርሃለሁ። እኔ መሪ ካልያዝኩ ምን ሆኜ ቤት ልቀመጥ?»

የተናደድኩትን ያህል አዘንኩላቸው።  ወጥቼ መሪውን ያዝኩ። እሳቸው በሌላኛው በር እየዳሰሱ ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ሳልናገር ነዳሁ። የከሚሴ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ሽታው ነግሯቸው ይሁን ልማዱ፣ እንደደረስን አወቁ።

«እዚህ አቁምልኝ» አሉኝ። «ከተማ ውስጥ ያለችውን ብቻ እኔ ልያዛት። ሰው ያየኛል።»

አላቆምኩም።  በዋናው መንገድ ስናልፍ ከሱቅ በራፍ ሰዎች እንደወትሮው እየጮኹ ሰላም አሏቸው። እሳቸውም እጃቸውን እያነሱ መለሱ፤ ሰላምታው ከግራ ሲመጣ ወደ ቀኝ እያነሱ። እንባዬን ላለማሳየት አልተጨነቅኩም። የሚያየኝ አልነበረም።

በማግስቱ ባለቤታቸውን እቴ ዘሀራን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ያውቁ ነበር። ሲበሉ ወጡ ያለበትን ጣታቸውን ይዘው የሚያሳዩዋቸው፣ ጫማቸውን አቅጣጫ አስይዘው የሚያስቀምጡላቸው እሳቸው ናቸው። መሪውን እንዲተው ስንት ጊዜ ለምነው እንቢ እንዳሏቸው ነገሩኝ። «እኔ ለሐጂ ከተናገርኩ ቤቴ ይፈርሳል» አሉኝ። «አንተ ዝም ካልክ ግን ሰው ይሞታል። ይህን አድርግ ልልህ አልችልም፣ አንተው እወቅ።»

ዕለቱን ሐጂ ዘንድ ሄጄ ተናገርኩ።  ሐጂ ጋሽ እንድሪስን አስጠርተው ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ፤ ድምፄን ሰምተው ሰላምታዬን ሳይመልሱ። ከሳምንት በኋላ የመኪናው ቁልፍ ለእኔ ተሰጠኝ። ይሄ ነው የከፋው። ያን ቁልፍ ባልቀበል ይሻለኝ ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ ግን ሥራ አልነበረኝም፣ አባቴም ታሞ ነበር። ከተማው መምህሩን አስወርዶ መኪናውን ወሰደ አለኝ። እሳቸው የሚቀመጡባቸው ሻይ ቤቶች ውስጥ ስገባ ወሬ ይቋረጣል።

ቤታቸው አስፋልቱ ዳር ስለነበር በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳልፍ አያቸው ነበር። መኪናዋ ስትመጣ ከሩቅ በድምጿ ይለዩአታል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ለኢድ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር። እቴ ዘሀራ ያስገቡኛል፣ ምግብ ያቀርቡልኛል፤ እሳቸው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃውን፣ እየቆጠሩ ዝም ይላሉ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ የኢድ ቀን ብቻ፣ ተነሥቼ ልሄድ ስል፣ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ አናገሩኝ።

«ያቺ የጨፋዋ ልጅ፣ አድጋለች?»

አድጋለች አልኳቸው። ገበያ ቀን ከእናቷ ጋር ጥንቅሽ ስትሸጥ እንዳየኋት፣ ቁመቷ እናቷን ሊደርስ እንደሆነ ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉና ሙስባሃቸውን መቁጠር ቀጠሉ።  ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ቃል ይቅርታ ነው ብዬ ልይዘው እሞክራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይሆንልኛል፣ አንዳንድ ቀን አይሆንልኝም።

ወጣት ሳለሁ ትክክለኛ ነገር ያደረገ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል ብዬ አምን ነበር። ዛሬ እንደዚያ አላስብም። እንደገና ቢሆንም ያንኑ አደርጋለሁ። ሆኖም ከአንድ ሰው ላይ የሕይወቱን ትርጉም በገዛ እጄ እንደወሰድኩ አውቃለሁ፤ ሁለቱም እውነት ሆነው አብረውኝ አርጅተዋል።

ባለፈው ሳምንት፣ ያን ለማጅ ባየሁበት ዕለት፣ ከሚኒባሱ ከሚሴ ስወርድ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። እቴ ዘሀራ በሕይወት አሉ፤ አርጅተው ከአልጋ ብዙም አይወርዱም። እግራቸው ሥር ተቀምጬ የለቅሶውን ነገር፣ የማሽላውን ሁኔታ አወራኋቸው። ስለ ባላቸው ሁለታችንም አላነሳንም። ልወጣ ስል እጄን ያዝ አድርገው «ዱዓ አድርግለት» አሉኝ። ደጅ ወጥቼ መዳፎቼን ዘረጋሁ። ለእሳቸው ጀምሬ መሀል ላይ ስደርስ፣ የምለምነው ለራሴ እንደሆነ ታወቀኝ፤ አላቋረጥኩም።