የሜሮን መደቦች

አየር ጤና፣ ጎህ ሳይቀድ

የጥር ብርድ አጥንት ይገባል። አየር ጤና ታክሲ ተራ ስደርስ ሰማዩ ገና ጥቁር ነው፤ የሰበታው ረዳት ግን ጉሮሮውን ከፍቶ ይጣራል። ጋቢና ገብቼ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ውስጡ ማስመሪያ፣ ሚዛን፣ የአፈር እርጥበት መለኪያ፣ ማጭድና ዳቦ አለ። ሾፌሩ ከቦርሳው ብቅ ያለውን ማጭድ በጎሪጥ አየና የት ልታጭድ ነው አለኝ። የዕፅዋት ሳይንስ ተመራቂ ተማሪ መሆኔን፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የተተከለ ሀበሻ ጎመን እንዳለኝ፣ ዛሬ በሦስቱም ቦታ ለክቼ እንደማጭደው አስረዳሁት።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረህ ለጎመን?» አለ።

እናቴም የምትለው ይህንኑ ስለሆነ አልተቀየምኩም። ለአንባቢ ግን ነገሩን ላስረዳ። በሦስቱም ማሳ ላይ ግማሹ መደብ በሥርዓት ይጠጣል፤ ግማሹ ሆን ተብሎ ይጠማል። ጥሙን ችሎ ቅጠል የሚሰጠው የትኛው ዘር እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሥራው የእኔና የክፍል ጓደኛዬ የሜሮን ነበር። ማን የትኛውን ይከታተል ብለን ዕጣ ስናወጣ የሚጠጣው ለእኔ፣ የሚጠማው ለእሷ ደረሰ። ባለመሬቶቹ እንዳይሳሳቱ ብላ ችካሎቹ ላይ በማርከር ስማችንን ጻፈችበት፤ «ብሩክ» የሚለውን አጠጡ፣ «ሜሮን» የሚለውን እንዳትነኩ ማለት ነው። አማካሪያችን ችካል ላይ የሙከራ ኮድ እንጂ የሰው ስም አይጻፍም ብለው ተቆጡ። እኛ ስቀን አለፍነው።

ጎመኑ ገና ሥር ሳይዝ ሜሮን ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከቀብሩ መልስ አንድ ጊዜ ማሳዎቹን ዞሬ አየሁ፤ ከዚያ ፈተና መጣ፣ የእኔን መደቦች የማጠጣቱን ሥራ ለባለመሬቶቹ ተውኩት። አማካሪዬ ቁርጡን ነግረውኛል። የሦስቱም ቦታ ውጤት ከሰመረ ዘንድሮ እመረቃለሁ፣ ሽፋኑ ላይም የሜሮን ስም ከስሜ ጎን ይታተማል። ከተበላሸ በሚመጣው በጋ እንደ አዲስ እተክላለሁ፤ ያ ግን የብቻዬ ሥራ ነው፣ ስሟ አይኖርበትም። ስሟ ከየቦታው እየተሰረዘ ነበር፤ ከክፍል ስም መጥሪያው፣ ከዶርሟ በር። ይሄ ሽፋን የመጨረሻው ነው።

ሰበታ፣ ፀሐይ ስትወጣ

ከአለም ገና ወዲያ መንገዱ የከባድ መኪና ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ፊታቸውን በፎጣ ሸፍነው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ፤ ጉምና ጭስ ስለተቀላቀለ ከወገባቸው በታች አይታዩም። ሰበታ ወርጄ ሻይ በፓስቲ ቀመስኩ። ፓስቲው ካለፈው አንሷል፣ ዋጋው አድጓል። ከዚያ በባጃጅ ወደ ኦቦ ገመቹ ማሳ።

የኦቦ ገመቹ መሬት፣ ባለቤቱ ትቶት የሄደ የአበባ ግሪንሃውስ አጠገብ ነው። የተቀደደው ላስቲክ ነፋስ ባይኖርም ይንኮሻኮሻል። ውስጡ ማንም የማይቆርጠው ጽጌረዳ ከነእሾሁ ደርቆ ቆሟል። ስንተክል ሜሮን ነጭ የላብራቶሪ ጋውኗን ለብሳ እዚያ ገብታ ፎቶ ስትነሳ ደስ አላለኝም ነበር፤ ዛሬም ዓይኔን አሽሽቼ አለፍኩ።

ኦቦ ገመቹ በራፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ብሩክ። ጓደኛህ ዛሬም ቀደመችህ» አሉኝ።

የትኛዋ ጓደኛዬ አልኳቸው።

«ያቺው ነጭ ጋውን የምትለብሰው ናታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይነጋ ትመጣለች። ከዚህ ሆኜ ኮቱ፣ ነይ ሻይ ጠጪ ብዬ ስጣራ ዞር አትልም። ውሃዋን ታጠጣና ትሄዳለች። አስቀየምናት እንዴ?»

የሜሮንን መሞት አልሰሙም። በስልክ የሚነገር አልመሰለኝም ነበርና በአካል ሳገኛቸው ልነግራቸው ነበር። አሁን ግን አልነገርኳቸውም። አላስቀየማችኋትም አልኩና ወደ ማሳው ወረድኩ።

የሜሮን መደቦች ረጥበዋል። የእኔዎቹ የትናንት ውሃ ጠጥተው ላያቸው ሲደርቅ የእሷዎቹ አሁን የጠጡ ናቸው፤ ጭቃው ላይ የሴት ጫማ ዱካ አለ። መለኪያውን ሰካሁት፣ መርፌው እስከ ጥግ ሄደ። መጠውለግ የነበረበት ጎመን ከእኔው በልጦ ለምልሟል። ስሟ ያለበትን ችካል ሁሉ አንድ ሰው ከአቧራ ጠርጎታል፤ የእኔን ስም ያለበትን ግን አልነካውም።

እኔ በመንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም። አፈር ከረጠበ ያረጠበው አለ። ግን ፈራሁ፤ አልደብቅም። ለካሁ፣ አጨድኩ፣ መዘንኩ፤ የምጽፈው ቁጥር ከንቱ መሆኑን እያወቅኩ ጻፍኩት። ቡራዩና ሱሉልታ ደህና ከሆኑ አማካሪዬን እለምናለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቡራዩ፣ እኩለ ቀን

በቀለበት መንገድ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ። ታክሲው ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀያየራሉ፤ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ስለ ቀበሌ መታወቂያ ይጨቃጨቃሉ። የሰው ድምፅ ስሰማ ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

የቡራዩውን መሬት ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ለማ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከመንገዱ ዳር የዛፍና የአበባ ችግኝ ይሸጣሉ። ማሳችን ከጓሯቸው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው። የሰፈሩ ፍየል ጎመን ስለማይምር ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥረን ጓጉንቸር አድርገንበታል። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ከእኔ፣ አንዱ ከሜሮን ጋር። ሜሮን በሁለቱም ላይ ቀይ ክር አስራበታለች። ጋሽ ለማ የእኔን መደቦች የሚያጠጡት ከውጭ ነው፤ ቧንቧውን ሲከፍቱት ውሃው በጎማው አድርጎ ወደ እኔዎቹ ብቻ ይሄዳል። የሜሮንን ለማጠጣት በሩን መክፈት ግድ ነው።

ጋሽ ለማን ሰው መጥቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከእሳቸው ችግኝ ሳያልፍ ወደ ጓሮ የሚሄድ ሰው የለም፤ ማንም አልመጣም አሉኝ። የሜሮንን መሞት ያውቃሉ፤ ለቅሶም ደርሰዋል። እሷ ከሄደች በኋላ ወደዚያ ማየት ይከብደኛል ብለው ወደ ችግኞቻቸው ተመለሱ።

ከጓጉንቸሩ እስከ ምሰሶው የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። እፎይ አልኩ። ድሩን ጠርጌ ከፈትኩና ገባሁ።

የሜሮን መደቦች ረጥበዋል።

በጉልበቴ ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርኩ። ውሃው እስከ ሥሩ ወርዷል። ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩ፤ አልተበሳም፣ ወደዚያም አይደርስም። ዱካ ፈለግኩ፣ የለም። ባሕር ዛፉ ውስጥ ወፍ እንኳን አይንጫጫም። አጨድኩ፤ ዓይኔ ከበሩ ላይ አልነሳ ብሎኝ ጣቴን ልቆርጠው ነበር። ሸረሪት ድሯን በአንድ ሌሊት ትሠራለች፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ነኝ አልኩ ለራሴ። በሩን ቆልፌ ስወጣ ግን ጀርባዬን ለማሳው መስጠት ስላስፈራኝ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ነው።

ሱሉልታ፣ ከሰዓት በኋላ

ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ወጥተን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ፀሐዩ ጠፋ። ሜዳው ቢጫ ነው፤ የተከመረ ድርቆሽ፣ የወተት ላሞች፣ ግማሽ የተሠሩ ቤቶች። ረዳቱ መስኮት ዝጉ እያለ ይለምናል። ከሜዳው የተነሳው ጉም መንገዱን አቋርጦ ሲያልፍ ሾፌሩ መብራት አበራ። ወርጄ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ጠጣሁ፤ የጠጣሁት ለብርዱ ብቻ አይደለም።

የሱሉልታው ማሳ የሜሮን አጎት ነው። ግቢው ሰው የለውም፤ ጎረቤት ጫንጮ ገበያ ሄደዋል አለኝ። ከድርቆሹ ክምር ጀርባ ዞርኩ።

ነጭ ጋውን። ከጉሙ ውስጥ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ የሜሮን መደብ ላይ አጎንብሷል። ቁመቷ ነው። ቁልቁል የሚወርደው ትከሻዋ ነው። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ።

ጄሪካኗን አስቀምጣ ዞር አለች። ከጋውኑ ሥር ጥቁር ልብስ፣ ከአንገት በላይ የሜሮን እናት፣ እትዬ ጥሩነሽ።

በቁሜ አለቀስኩ፤ ከድንጋጤ ይሁን ከእፎይታ አላውቅም። አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ። ቤታቸው ፉሪ ነው፤ ስንተክል ምሳ ይዘውልን መጥተው ስለነበር ሰበታን ያውቁታል። ሱሉልታ የወንድማቸው ቤት ነው። ከአርባዋ በኋላ ልጃቸው የተከለችውን ሊያዩ መጥተው ያዩትን አይተዋል። እኔ ላቅፋቸው ስቀርብ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«የራስህን እያጠጣህ የልጄን ለምን አስጠማህ?» አሉኝ። «ስሟ ተጽፎበታል። አንተ ማንበብ ትችላለህ።»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ጥሙ ራሱ ሙከራው መሆኑን፣ ዕጣውን በገዛ እጇ ያወጣችው ሜሮን መሆኗን፣ እነዚህ መደቦች ዋጋ የሚኖራቸው ሲጠሙ ብቻ እንደሆነ። ይሄን ብላቸው ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በጄሪካን ውሃ ተሸክመው የደከሙት የልጃቸውን ሥራ ለማፍረስ እንደነበር ያውቃሉ። ያን አውቀው እንዴት ፉሪ ይመለሳሉ?

«ረሳሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ፈተና ሆነብኝና ረሳሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ብትኖር አትረሳትም ነበር» አሉና የቀረውን ውሃ አፈሰሱ።

ወደ ድርቆሹ ጀርባ ሄጄ ለአማካሪዬ ደወልኩ። የሚጠሙት መደቦች ውሃ ጠጥተዋል፣ በሦስቱም ቦታ አልኳቸው። ማን አጠጣ አሉ። እኔ፣ ተሳስቼ አልኩ። የዘንድሮው ምረቃ ቀረ ማለት ነው አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። የሜሮንን ስም በሚመጣው ሥራ ላይ ቢያቆዩልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ዘሩን የመረጠችው እሷ ናት፣ ንድፉም የእሷ ነው። እናያለን ብለው ዘጉት።

ስመለስ እትዬ ጥሩነሽ ትንሽ ለስልሰው ጠበቁኝ። ማጭዱን ተቀብለው የሜሮንን ጎመን ራሳቸው አጨዱ፤ እኔ የራሴን። አልመዘንኩትም። የእሷ ጎመን ትልቅ ነዶ ሆነ። በአንድ ታክሲ ልንሄድ መንገዱ ዳር ስንቆም ጋውኑን አውልቀው አጣጥፈው ሰጡኝ። ለሥራ ነው የተሰፋው፣ አንተ ልበሰው አሉ።

ከዚያ መቀነታቸውን ፈተው አንድ ነገር አወጡ። ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ ነው።

«ይሄ ከጋውኑ ኪስ ውስጥ ነበር። ቤቱን ሁሉ ሞከርኩት፣ የሚከፍተው በር አጣሁ። የምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የቡራዩው ነው» አልኩ።

«ቡራዩ ደግሞ ጎመን አላችሁ?» ፊታቸው ተጨነቀ። «ቡራዩን እኔ ረግጬውም አላውቅ። ማንስ ነገረኝ። ታዲያ የእሷ እዚያም እንደተጠማ ነው?»

የቡራዩ ጭቃ ገና ጥፍሬ ውስጥ ነበር። ቁልፉን ተቀብዬ መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩት፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ታክሲው መብራቱን አብርቶ ከጉሙ ሲወጣ እትዬ ጥሩነሽ አሁንም መልስ እየጠበቁ ያዩኛል።

«የለም፣ እትዬ» አልኳቸው። «የቡራዩው ጠጥቷል።»