ሙሳዎ ቤታችን ያስነጠሰ ዕለት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካምፓላ ውስጥ ከካባላጋላ ሰፈር በታክሲ ስመለስ ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ሰባት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰ። በሦስተኛው «ይማርህ» ብዬው ነበር፤ በሰባተኛው ግን ሳቄ አመለጠኝ። ዞሮ ገላመጠኝ። በእሱ እንዳልሳቅኩ እንዴት ላስረዳው? የሳቅኩት ከዓመታት በፊት ቤቴ መጥቶ ባስነጠሰ በሌላ ሰው ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ልጄ ሶስና ሰባት ሞልቷታል፤ አስም አለባት። አንድ ፓፍ በኪሴ፣ አንድ ፓፍ በቦርሳዬ እይዛለሁ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ሰዓት ዝንፍ አላደርግም። ያም ሆኖ ደረቷ ሲር ሲር ማለቱን አልተወም። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ ከመንገዱ እስከ ግቢያችን ለመድረስ ሦስት ቦታ ትቀመጥ ነበር። እኩዮቿ ገመድ ሲዘሉ እሷ ደፍ ላይ ሆና ትቆጥርላቸዋለች። ይሄ ነበር የሚያንገበግበኝ።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ የልጄን ጠላት ግን ዐውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር፦ ብርድ። «ካምፓላ ደግሞ ምን ብርድ አለ?» የሚለኝን ሰው እንደ ጅል ነበር የማየው። ሰው ሁሉ ላቡን በሚጠርግበት ወር ልጄን ሹራብ አለብሳለሁ፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ እወትፋለሁ። ደብተር ገዝቼም የታመመችበትን ቀን ሁሉ እጽፍ ነበር። «ሐሙስ፣ ነፋስ መታት።» «ሐሙስ፣ ነፋስ መታት።»

ሐኪሟ ከመድኃኒቱ ጋር የአተነፋፈስ ልምምድ ታድርግ ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከን። እዚህ አገር የሚያክም ሰው ሁሉ «ሙሳዎ» ነው የሚባለው፤ እኛም ሙሳዎ አልነው። ረጅም፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ቢያንስ መርፌ ይወጋታል ብዬ ስጠብቅ፣ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ስትሮ ከትቶ «ቀስ ብለሽ ንፊ፣ ቡልቅ ቡልቅ ይበል» አላት። ለዚህ ነው በቦዳ ሞተር ነፍሴን ይዤ የመጣሁት? ቀጥሎ አስተኛትና ሆዷ ላይ አሻንጉሊት አስቀመጠ፤ ስትተነፍስ ከፍ ዝቅ እንዲል። እኛ ቤት አሻንጉሊት ስላልነበረ በአቮካዶ ተካነው። የካምፓላ አቮካዶ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። ሶስና በሳምንቱ አቮካዶውን እንደ ጀልባ ታንሳፍፈው ጀመር። ሐሙስ ሲመጣ ግን ያው ሲር ሲር።

ሙሳዎ ግራ ገባው። ሁለተኛው የኮሮና እገዳ ታክሲውን ሁሉ ሲያቆም፣ የሚኖርበት ሰፈር ለእኛ ቅርብ ነበርና «በእግሬ እመጣለሁ፤ ቤታችሁንም ልየው» አለ።

የመጣው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ደግሞ ለካባላጋላ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በርበሬ የማዘጋጅበት ቀን ነበር። ዛላውን አመስ አድርጌ፣ ወቅጬ፣ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ እየነፋሁ ነበር። ዝርክርክ ናት እንዳይለኝ ሙቀጫውንም ወንፊቱንም ክፍሉን ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ሸሸግኩ። እንግዳውን ብርድ እንዳይመታውም መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ።

ጭምብሉን እንዳደረገ ገብቶ ከመጋረጃው አጠገብ ተቀመጠ። እንግሊዝኛዬ ሰባራ ስለሆነ አስተርጓሚዬ ሶስና ናት። ከእርግዝናዬ ጀምሬ የነፈሰውን ነፋስ ሁሉ ተረክሁለት። እሷ «ማማ ብርድ ነው ትላለች» ብላ ጨረሰችው።

«ይሄን ብቻ ነው ያልኩት?»

«ዋናው እሱ ነው እማዬ።»

ሙሳዎ ለማሳየት ጭምብሉን አወረደ። «ቀስ ብለን፣ በአፍንጫችን፣ እስከ ሆዳችን ድረስ…» ብሎ ሳበ።

ዐይኑ ፈጠጠ። ከዚያ አስነጠሰ። ደገመ፣ ሠለሰ፣ እንባው ወረደ፣ ሳሉ ተከተለ። በኮሮና ጊዜ እንዲህ ማስነጠስ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አከራያችን ከወዲያ በኩል በሯን ስትቆልፍ ሰማኋት። እኔ ብርድ መታው ብዬ ሮጬ ጋቢ ደረብኩለት።

«እማዬ፣ አየር ነው የሚፈልገው!» ጮኸች ሶስና። ወደ እሱም ዞራ፣ «ሙሳዎ፣ አይደንግጡ! ትከሻዎን ያውርዱ። ከንፈርዎን አሹለው ቀስ ብለው ያውጡ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ!»

ሰውዬው ጋቢ እንደለበሰ እየተደናበረ መስኮቱን ሲፈልግ መጋረጃውን ያዘ፤ መጋረጃው ከነሽቦው ወረደ። በርበሬው ቁልጭ ብሎ ታየ። ይሄኔ ሶስናም መሳል ጀመረች። ፓፏን ሰጠኋትና ሦስታችንም ወደ ግቢው ወጥተን ቁጭ አልን።

ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ማማ ሶስና፣ ያ ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምግብ ነው።»

«ለማን?»

«ለካባላጋላ።»

ደብተሬን ጠየቀኝ። ፊደላችንን ስለማያውቅ ሶስና አነበበችለት፦ «ሐሙስ። ሐሙስ። ሐሙስ…» ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ነፋሱ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው እንዴ የሚነፍሰው?»

ፊቴ በርበሬ መሰለ። በገዛ እጄ ነበር እኮ! ሙሳዎ ግን አልተቆጣኝም። አፍንጫውን እየጠረገ፣ «እኔ በሳምንት አንድ ሰዓት መተንፈስ አስተምራታለሁ። አየሩን የሚሰጧት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ሥራዬን ወደ አንዱ ምግብ ቤት ጓሮ አዛወርኩ፤ ልብሴን ሳልቀይር ቤት አልገባም። መድኃኒቱም ልምምዱም ቀጠለ። እገዳው በተነሳ በወሩ ሶስና ዳገቱን አንድ ጊዜ ብቻ ተቀምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ እኔ ስቀመጥ እሷ ቆማ ትጠብቀኝ ጀመር።

አስሙ ዛሬም አለ፤ መድኃኒቷም ከእጇ አይለይም። እኔም መስጋቴን አልተውኩም፤ እናት ነኛ። ብቻ ሰው ሲሰጋ ሩቅ ሩቁን እንደሚያይ ተማርኩ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ልጇ የሚያስልባት እናት ስትገጥመኝ፣ ስለ ብርዱ አውርታ እስክትጨርስ እሰማትና፣ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፣ ደግሞም እቤትሽ የምትወቅጪው ነገር አለ ወይ፣ ካለም ከቤት አርቂው እላታለሁ። አንዳንዷ ትቀየመኛለች። ሳምንት ቆይታ ግን ትደውልና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ሙቀጫውን የት አድርጊው ነበር ያልሽኝ?» ትለኛለች።